«እሷ የህንድ ፊልም ነው የምታውቀው»

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ፤ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለችኝ። ፊልም አዋቂ አይደለሁም፤ ማታ ሱቄን ዘግቼ ስገባ ያገኘሁትን ነው የማየው። ከአማቴ ጋር በአማርኛ የሚተላለፈውን የህንድ ተከታታይ እናያለን። ባለቤቴ በፍላሽ እያስጫነ የሚያመጣውንም የአሜሪካ ፊልም አብሬው አያለሁ። ቅዳሜ ማታ ጓደኞቹ ቤታችን ይሰበሰባሉ። ባለፈው ስለ ፊልም ሲጨዋወቱ እኔም የመሰለኝን ተናገርኩ። «ታይታኒክ» ላይ ልጁ የሞተው ሳንቃው ላይ ቦታ እያለ ነው፤ «ፕሪዝን ብሬክ» ከእስር ቤት ሲያመልጡ ማለቅ ነበረበት፤ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን አንድ ማታ ጀምሬ ተውኩት፣ አስቀያሚ ነው፤ የህንዱን «ሾሌይ» የሚያህል ግን አላየሁም አልኩ። ባለቤቴ «ተዉአት፣ እሷ የህንድ ፊልም ነው የምታውቀው» ሲል ሁሉም ሳቁ። አንደኛው ደግሞ «የሀብታም ልጅ የደሃ ልጅ ወዳ፣ ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ መዝፈን!» ብሎ ጨመረበት። ቡና ላፍላ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት አፌን አልከፍትም። እውነት አስተያየቴ ያሳፍራል? ዝም ብል ይሻለኛል? በአንድ ቴሌቪዥን በየማታው መጨቃጨቃችንም ሰልችቶኛል። የ12 ዓመት ልጄስ ከእኛ ጋር ምን ቢያይ ይሻላል?

ግራ የገባኝ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን እህቴ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተጠላልፎ አገኘሁ፤ አንዱ የፊልሙ፣ አንዱ የባልሽ። የባልሽን ለኋላ ላቆየው። መጀመሪያ በፊልሙ በኩል ልብሽ ይሙላ፤ ያኔ ከሰውየው ጋር ስትነጋገሪ ድምፅሽ አይርበተበትም። ዓመቶቹን የምጠራልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እልሻለሁ።

ከሳቁበት ልነሣ። የሳንቃውን ነገር በማንሣትሽ ካፈርሽ፣ አብሮሽ የሚያፍረው ሰው ብዙ ነው። «ታይታኒክ» በ1997 ከወጣ ጀምሮ ዓለም ሲጨቃጨቅበት የኖረ ጉዳይ ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን «ልጁን ለምን ገደልከው?» መባል ቢሰለቸው፣ ፊልሙ 25 ዓመት ሲሞላው የሳንቃውን አምሳያ አሠርቶ፣ ሁለት ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገብቶ አስሞከረው። ሙከራው በ2023 በናሽናል ጂኦግራፊክ ታየ። ከተሞከሩት መንገዶች በአንዱ ልጁ ጃክ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ሰውየው ራሱ አመነ። 11 ኦስካር ያፈሰ ፊልም የሠራ ሰው እንዲህ የተጨነቀበትን ጥያቄ ነው እንግዶችሽ የሳቁበት። በነገራችን ላይ እኔ የማማርረው ሌላ ነው፤ ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ መርከቡ በረዶውን እስኪነካ ድረስ ሻይ አፍልቶ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል።

«ፕሪዝን ብሬክ» ላይ የፈረድሽው ፍርድ ይግባኝ የለውም። በ2005 የጀመረው የመጀመሪያው ሲዝን 22 ክፍል ነው። ወንድሙን ከሞት ፍርድ ለማዳን የእስር ቤቱን ንድፍ ገላው ላይ ተነቅሶ፣ በገዛ ፈቃዱ የሚታሰር መሐንዲስ! የታሪኩ ጣዕም ያለው ከግድግዳው ጋር በሚደረገው ትግል ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን ካለፉ በኋላ ያለው ሩጫ ብቻ ነው። አማትሽ በሚያዩት ድራማ የሞተ ሰው ተነሥቶ ሲመጣ ባልሽ የሚስቅ ከሆነ፣ መሐንዲሱ ማይክል ስኮፊልድም ሞቶ፣ መቃብሩ ታይቶ፣ በ2017 ከየመን እስር ቤት ብቅ ማለቱን በትሕትና አስታውሺው።

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ግን ካንቺ ጋር አልቆምም። አማት በተቀመጡበት ሳሎን ያንን ድራማ መክፈት ጥፋት ነው፤ ራቁት ገላና የሚፈስ ደም የበዛበት ስለሆነ ምግብ ቀርቦ የሚታይ አይደለም። «ለቤታችን አይሆንም» ብትዪ ማንም አይከራከርሽም። አንቺ ያልሽው ግን «አስቀያሚ ነው» ነው፤ ከ73 ክፍል አንዱን አይቶ ደግሞ እንዲህ አይፈረድም። ታሪኩን ብትከተዪው ኖሮ እንግዳ አይሆንብሽም ነበር፤ አንድ ዙፋን፣ ብዙ ባለመብት፣ ዛሬ ተጋብተው ነገ የሚዋጉ መሳፍንት። ስለ ዘመነ መሳፍንት ትንሽ የሰማ ጎጃሜ ወዲያው ይገባዋል። ሲጀመር ጀምሮ የወደዱት እንኳ በ2019 ሲያልቅ ተናደው፣ የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብለው ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ፈርሟል። እነሱ ቢናደዱ ያምርባቸዋል፤ ስምንቱንም ሲዝን ቁጭ ብለው አይተዋል። አንቺ ግን እሱ ሲነሣ «አልጨረስኩትም» ብለሽ እለፊው። አያሳንስሽም።

ወደ «ሾሌይ» ስንመጣ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ። (ያላየው አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢዘል ይሻለዋል፣ መጨረሻውን ልናገር ነው።) ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው፣ በ1975 የወጣ ፊልም ነው። ጋባር ሲንግ የተባለ ሽፍታ ሁለት እጁን የቆረጠበት የቀድሞ ፖሊስ፣ ያንን ሽፍታ ከነሕይወቱ እንዲይዙለት ሁለት ሌቦች ይቀጥራል፤ አሚታብ ባችቻንና ዳርሜንድራ። አሚታብ የሚጫወተው ጃይ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሳንቲም ይወረውራል። ተመልካቹ እንደ ቀልድ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ ጥይት እያለቀባቸው፣ አንዱ ቀርቶ ሽፍቶቹን መመከት፣ ሌላው ሄዶ ጥይት ማምጣት አለበት። ሳንቲሟ ተወረወረች፤ የመቅረቱ ዕጣ ለጃይ ወጣ፤ ሞተ። ጓደኛው ተመልሶ ሳንቲሟን ሲያገላብጣት ሁለቱም ፊቷ አንድ ነው። ለካ ጃይ ያን ሁሉ ጊዜ ዕጣ ሲጥል አልነበረም፤ ሲመርጥ ነበር። ከሦስት ሰዓት በላይ በሚሄድ ፊልም ውስጥ ገና በጠዋቱ የተቀመጠች ሳንቲም፣ ማታ ላይ ወጥታ ሆድ ስትበላ ማየት! ይህን ያሰበ ጸሐፊ ሥራውን ያውቃል። ቦምቤይ ውስጥ ሚኔርቫ የሚባል ሲኒማ ቤት አምስት ዓመት ያህል ሳያወርደው ያሳየው በከንቱ አልነበረም።

እርግጥ «ሾሌይ» ከአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞችና ከጃፓን ሳሞራዮች ብዙ ተበድሯል። ህንዶች ሲበደሩ ዓይናቸውን አያሹም። ትዝታው ስለሚጠፋበት ሰው የሚያወራው «ጋጂኒ»፣ ፍሬ ሐሳቡን የወሰደው በ2000 ከወጣው «ሜሜንቶ» ነው። «ፎረስት ጋምፕ»ን ደግሞ በ2022 «ላል ሲንግ ቻዳ» ብለው ከአሚር ካን ጋር በሕጋዊ ፈቃድ ደግመው ሠርተውታል፤ እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ። ስለዚህ «ይኮርጃሉ» ቢሉሽ «አዎ፣ አንዳንዴ» በዪ። የህንድ ፊልም ሁሉ ጠበቃ እንድትሆኚ የወከለሽ የለም።

«ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ መዝፈን» ያለው ሰውዬ የጎጃም ሰው ከሆነ ግን ገርሞኛል። እኛ ሳንዘፍን የምንሠራው ምን አለ? አጨዳው በዘፈን፣ ሠርጉ በዘፈን፣ ለቅሶው በሙሾ። ጠላውን ይዞ ደህና ተቀምጦ የነበረ ሰው ድንገት ብድግ ብሎ ፉከራውን ሲለቀው «ምነው ጨዋታውን አቋረጥከው?» የሚለው የለም፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው የሚደምቀው። አልቃሽ በግጥም ስላለቀሰች ሐዘኑ የውሸት አይባልም። የህንድ ፊልምም ልማዱ ይኸው ነው፤ ሰውየው ተናግሮ የማይወጣለት ሲደርስ ይዘፍናል። ድምፁ የተዋናዩ አይደለም፤ ዘፋኙ ስቱዲዮ ገብቶ ይቀዳዋል፣ ተዋናዩ ከንፈሩን ያስኬድበታል። በ2022 ያረፈችው ላታ ማንጌሽካር ለስንት ትውልድ ተዋናዮች ድምፅ ሆና ኖራለች፣ ይህንንም ማንም አልደበቀውም። ዘፈኖቹ ፊልሙ ሳይወጣ ቀድመው ይለቀቃሉና ሕዝቡ ሲኒማ የሚገባው ዜማውን ይዞ ነው። ለመሆኑ ያ ሰውዬ «ላየን ኪንግ»ን ከልጆቹ ጋር አላየም? አንበሳ ሲዘፍን ያላስደነቀው፣ ሻሩክ ካን ሲዘፍን ምን አሳቀው?

«የሀብታም ልጅ የደሃ ልጅ ወዳ» ያለው ደግሞ የባሰ ነው። ይህን የተናገረው ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብሎ ነዋ! ማንኩሳ ከናንተ ምን ያህል ትርቃለች? በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ምንድን ነው ታዲያ? የባላባት ልጅ ሰብለ፣ አስተማሪ ሆኖ የገባው የማንኩሳው የደሃ ልጅ በዛብህ፣ ጨካኝ አባት፣ መሰደድ፣ መንከራተት፣ ዕንባ፣ መቃብር። ያንን እንደ ዓይናችን ብሌን የምናየው፣ ታሪኩን የሰው ልጅ ሁሉ ስለሚያውቀው ሳይሆን ሐዲስ የተረኩበት አተራረክ ስለያዘን ነው። የታሪኩ አጥንት የተለመደ መሆኑ ፊልምን አይጥለውም። አጥንቱ ላይ ምን ሥጋ አለበሱት ብሎ መጠየቅ ነው የተመልካች ሥራ። አንቺ ጠይቀሻል፤ እሱ አልጠየቀም።

አንድ ሰው ሃያውን ሲያነጥፍ እያሉ እንደሚስቁም አውቃለሁ። «ባሁባሊ»ንና «አር አር አር»ን ያየ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም፤ አዘጋጁ ራጃሙሊ ራሱ እንድንስቅም እንድናጨበጭብም ፈልጎ ነው የሠራቸው። ግን በ1985ቱ «ኮማንዶ» ሽዋርዘኔገር ብቻውን ደሴት ሙሉ ወታደር ሲፈጅ እኛ ምን ስንል ነበር? «አክተሩ አይሞትም» ብለን ነው የተቀመጥነው። በ2021 የወጣው የ«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ፊልም ላይ መኪና ጠፈር ድረስ ወጥቷል። መኪና! የምዕራቡ ሲያጋንን ብዙ ብር ስለሚያፈስበት እውነት ይመስላል፣ ሌላ ልዩነት አላገኘሁበትም። ደግሞ «ጥሩው የህንድ ፊልም ስላምዶግ ሚሊየነር ብቻ ነው» የሚል ከተነሣ፣ ያንን ያዘጋጀው ዳኒ ቦይል የሚባል እንግሊዛዊ መሆኑን ንገሪልኝ።

ቆይ፣ ስለ ህንዱ የማልወደውን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በብዙዎቹ ውስጥ ልጅቱ «አልፈልግህም» ስትል አክተሩ እስክትሰለች ይከተላታል፣ መንገድ ይዘጋባታል፣ ይዘፍንባታል፤ በመጨረሻ እሺ ትላለች፣ እኛም እናጨበጭባለን። እንደ ጠለፋ ያለ ነገር በማያውቅ አገር ይህ ቀልድ ሆኖ ያልፍ ይሆናል። እኛ ግን ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ እንደቀረች እናውቃለን። ልጅሽ ወንድ ይሁን ሴት አልጻፍሽልኝም፤ ወንድም ሆነ ሴት እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ብለሽ አትለፊ። «እንቢ ካለች አበቃ» በዪ፣ ፊልሙ ይቀጥል።

የአማትሽ ተከታታይ መጎተቱን በተመለከተ ምክንያቱን ልንገርሽ። የህንድ ቴሌቪዥን ድራማ በየዕለቱ ማለት ይቻላል የሚተላለፍ ነው፤ ተመልካች እስካለው ድረስ ማስታወቂያ አለ፣ ማስታወቂያ እስካለ ድረስ አያልቅም። በ2014 የጀመረው «ኩምኩም ባግያ» ከ2,000 ክፍል በላይ ሄዷል። ትልቅ ስም ያለው የአሜሪካው «ብሬኪንግ ባድ» በጠቅላላ 62 ክፍል ነው። አንዱ መጨረሻውን አስቦ ነው የሚጻፈው፣ ሌላው እንዳያልቅ ተብሎ። በአንድ ጥፊ ሦስት ጊዜ መብረቅ የሚጮኸውና ካሜራው የምራቷንም የአማቷንም የሠራተኛዋንም ፊት የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ደቂቃ መሙላት አለበት። እማማ ይህን ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። እሳቸው የሚቀመጡት ታሪኩ እንዲያልቅላቸው አይመስለኝም፤ ሰዎቹን ስለለመዷቸው እንጂ፣ እንደ ጎረቤት። ባልሽን ማስደነቅ ከፈለግሽ ደግሞ ያ «ኩምኩም ባግያ» መነሻው እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን በ1811 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው።

አሁን ወደ ባልሽ። ቅዳሜ ዕለት የተናገረው ስለ ፊልም አልነበረም። ሚስቱን አሳንሶ ጓደኞቹን አሳቀ፤ ሳያስበው ሊሆን ይችላል፣ ግን አድርጎታል። ለብቻችሁ ስታዩ አብሮሽ እንደሚጫወት ከደብዳቤሽ ገምቻለሁ፤ የሚለወጠው እንግዳ ሲመጣ ነው። ስለዚህ አንቺም ስለ ፊልም አታንሺበት። በሥራ ቀን፣ ልጁም እማማም ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ እንዲህ በይው፦ «ቅዳሜ ዕለት በሰው ፊት ስትስቅብኝ ከፋኝ። የተናገርኩት ካልጣመህ ለኔ ንገረኝ፣ በነሱ ፊት አታሳጣኝ።» ከዚያ አቁሚ። የቆየ ነገር አትጎትቺ፣ ስለ ኮማንዶውም ስለ ስኮፊልዱም አታንሺ፤ እነዚያን የሰጠሁሽ ለሳቅ ቀን ነው። አማትሽንም ዳኛ አታድርጊያቸው። ለልጃቸው ቢፈርዱ ያስቀይሙሻል፣ ላንቺ ቢፈርዱ እሱን ያስቀይሙታል።

ዝም ማለት ይሻለኛል ወይ ላልሽው፣ አይሻልሽም። በሚመጣው ቅዳሜ ቡናውን ጓዳ አታፍዪው፤ ረከቦትሽን ሳሎን አውጥተሽ እመሃላቸው ተቀመጪ። ወሬው ወደ ፊልም ሲዞር «ይበልጣል፣ ያንሳል» የሚለው ውስጥ አትግቢ፤ እሱ ክርክር እንጂ ጨዋታ አይሆንም። ያየሽውን ቦታ ጥሪ። «ሾሌይን የሚያህል የለም» ስትዪ ለመሳቅ ቀላል ነው፤ «የሳንቲሟን ነገር አስተውላችሁታል?» ብትዪ ግን መልስ የሚኖረው እስከ መጨረሻው ያየ ብቻ ነው። ከነሱ ስንቱ አይቶታል? እኔ ብዙ ተስፋ የለኝም።

የቴሌቪዥኑ ጠብ ቀላል ነው፣ እንዲያውም እስካሁን ያልፈታችሁት ገረመኝ። የእማማ ድራማ በሰዓቱ ነው የሚመጣው፤ ያ ሰዓት የሳቸው ነው፣ ያለ ክርክር። የባልሽ ግን ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሽ ሰዓት የለውም፣ እማማ ሲተኙ ይሰካዋል። መብራት ሄዶ የሳቸው ያመለጣቸው ቀን ድጋሚው መቼ እንደሆነ አይታችሁ ያንንም ስጧቸው።

ሁላችሁም አንድ ላይ የምታዩትን ከፈለግሽ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን በፍላሹ አስጭኑ። የ1957 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፣ 96 ደቂቃ ብቻ፣ ራቁት የለ፣ ተኩስ የለ። አባቱን ገደለ በተባለ ልጅ ላይ ሊፈርዱ አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ተዘግቶባቸዋል፤ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ይላሉ፣ አንዱ ብቻ «እስቲ እንነጋገርበት» ይላል። ሙግት የሚወድ የጎጃም ሰው እንዴት አይወደውም! እማማ እንግሊዝኛ ካልሰሙ ባልሽ እየቆመ ይተርጉምላቸው፤ እንደ ድሮው የቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ። ሰውየው መናገር ይወድ የለ? ህንዶች ይህንንም በ1986 በሂንዲ ሠርተውታል፤ እሱን እንኳ ባልሽ ካፌዘ አውጪው።

ለልጅሽ በመጀመሪያ «ታሬ ዛሚን ፓር»ን እላለሁ፤ አሚር ካን በ2007 ያዘጋጀው፣ ፊደል ስለሚዘበራረቅበት ስለ ስምንት ዓመት ልጅ የሆነ ፊልም። «ሰነፍ» ተብሎ የሚመታ የክፍል ጓደኛ ያለው ልጅ ቢያየው ይጠቅመዋል። «ባጅራንጊ ባይጃን»ም መልካም ነው፤ መናገር የማትችል የፓኪስታን ሕፃን ህንድ ውስጥ ጠፍታ፣ አንድ የዋህ ሰው እቤቷ ሊያደርሳት የሚጓዘው ጉዞ።

ከሁሉ ግን «ላጋን»። ጊዜው 1893፣ እንግሊዞች ህንድን በሚገዙበት ዘመን ነው። ዝናብ ቀርቶ ገበሬው ግብር መክፈል ሲያቅተው፣ አንድ መኮንን «በክሪኬት ካሸነፋችሁን የሦስት ዓመት ግብር ይቀርላችኋል፣ ከተሸነፋችሁ ሦስት እጥፍ ትከፍላላችሁ» ይላቸዋል። ክሪኬት ምን እንደሆነ አናውቅም ብላችሁ አትስጉ፣ ገበሬዎቹም አያውቁትም፤ አብራችሁ ትማራላችሁ። ልጁ «ለግብር ብሎ እንዲህ ይኮናል?» ካለ፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ መነሣቱን አያቱን ይጠይቃቸው። ፊልሙ ወደ አራት ሰዓት ሊጠጋ ምንም አይቀረውም፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ጀምሩት፣ ሪሞቱንም ለእማማ ስጧቸው።